«ፎረስት ኮፊ» እና «ኮፊ ፎረስት»

የእንግሊዝኛ ሰዋስው ስንማር ግሥን በየጊዜያቱ ስንዘረዝር ብዙ ሰዓት እናጠፋለን፤ ስምና ስም ሲገጣጠሙ ግን የትኛው ዘርፍ፣ የትኛው ባለዘርፍ እንደሚሆን እምብዛም አንጠይቅም። ቦንጋ ላይ ለምንማር ጓደኞች ይህ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። ስለ ቡና የሚጻፈው እንግሊዝኛ፣ ከጆንያው ጽሕፈት አንሥቶ እስከ መመረቂያ ጽሑፋችን ድረስ፣ ስም በስም ላይ እየደረበ የሚሄድ ነውና።

ነገሩን በሁለት ቃላት እንመልከተው። «ፎረስት» ጫካ ነው፤ «ኮፊ» ቡና ነው። «ፎረስት ኮፊ» ሲባል የጫካ ቡና፣ «ኮፊ ፎረስት» ሲባል ግን ቡና የሚበቅልበት ጫካ ነው። እንግዲህ አንድ ተማሪ «የካፋ ገበሬ ፎረስት ኮፊ ይሸጣል» ለማለት ፈልጎ ሁለቱን ቃላት ቢያዛውር፣ ገበሬውን ደን ሻጭ አደረገው ማለት ነው። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፊር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበ ስለ ሆነ፣ ይህ ከሰዋስው ስሕተት አልፎ ክስ ይመስላል።

ደንቡ አጭር ነው፤ በእንግሊዝኛ የነገሩ ስም መጨረሻ ላይ ይቆማል፣ ከፊቱ ያለው ሁሉ ዓይነቱን ይናገራል። አማርኛም እንዲሁ ነው፤ ብቻ እኛ «የ» የምትባል ዘርፍ አያያዥ አለችን። ካፊ ኖኖ ለሚናገር ተማሪም ተራው እንግዳ አይሆንበትም፤ በቋንቋው ስም ውስጥ ካፋ ይቀድማል፣ «ኖኖ» ማለትም አፍ ይከተላል። የሚያደናግረን ከግእዝ የወረስነው ነው፤ በ«ቤተ መጻሕፍት» ቤቱ ይቀድማል፣ በ«ቡና ቤት» ግን ይከተላል። (ቡና ቤት ገብቶ ቢራ ያዘዘ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የጥምር ቃል ፍቺ ከክፍሎቹ ድምር ብቻ አይገኝም።) እንግሊዝኛም «ኦፍ» ሲገባበት እንደ ግእዙ ይገለበጣል።

አሁን ረጅሙን እንሞክር፤ «ካፋ ፎረስት ኮፊ ፋርመርስ ኮኦፐሬቲቭ ዩኒየን»። ስድስት ቃላት ያለ አንድ አያያዥ ተሰልፈዋል። ከመጨረሻው ጀምሮ መጠየቅ ይበጃል። ምንድን ነው? ዩኒየን። የምን? የኅብረት ሥራ። የእነማን? የገበሬዎች። የምን ገበሬዎች? የቡና። የምን ቡና? የጫካ። የየት? የካፋ። ወደ አማርኛ ስንመልሰው «የካፋ ጫካ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን» ይሆናል፤ አንዲት «የ» ሁሉን ተሸክማ ተራው ሳይነካ ቀረ። እንዲህ ያለውን ስም በአምስት «ኦፍ» መበታተን ለእንግሊዞቹም ለጆሮ ይከብዳል።

ዘርፍ የሆነው ስም አብዛኛውን ጊዜ በነጠላ ይቀራል። ወደ ውጭ የሚላከው ቡና የሚሞላበት ጆንያ «ሲክስቲ ኪሎ ባግ» ነው፣ «ኪሎስ» አይባልም፤ «ሲክስቲ ኪሎስ ኦፍ ኮፊ» ሲባል ግን «ስ» ትመለሳለች። «ፋርመርስ» በማኅበር ስም ውስጥ በብዙ መግባቱ ከደንቡ ወጣ ያለ ልማድ ነው።

በ«ኢንግ» የሚጨርሰው ቃል ይበልጥ ያስቸግራል። «ድራዪንግ ቤድ» ቡና የሚሰጣበት የማድረቂያ አልጋ እንጂ ራሱ እየደረቀ ያለ አልጋ አይደለም። «ድራዪንግ ኮፊ» ግን እየደረቀ ያለ ቡናም፣ ቡናን የማድረቅ ሥራም ሊሆን ይችላል። አማርኛ «ማድረቂያ»፣ «ማድረቅ»፣ «እየደረቀ ያለ» ብሎ ለሦስት የሚለየውን እንግሊዝኛ በአንድ መልክ ይጠቀልለዋል። ለመለየት «ፎር» አስገብቶ መፈተን ነው፤ «ቤድ ፎር ድራዪንግ» ያስኬዳል፣ «ኮፊ ፎር ድራዪንግ» ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ተራውም የማይፈታው አለ። «ዋይልድ ኮፊ ፎረስት» ሲባል የዱር የሆነው ቡናው ነው ወይስ ጫካው? ጠንቃቃ ጸሐፊ ቡናውን ማለቱ ከሆነ የፊተኞቹን ሁለት ቃላት በጭረት ያያይዛቸዋል፤ ጭረቷን መርሳት ግን በባለቋንቋዎቹም ዘንድ የተለመደ ነው።