ዝናቡ ሲያባራ ስንዴው ከየት ይጠጣል?

በጎንደር ከተማ ክረምትን ላሳለፈ ተማሪ የውኃ እጥረት የሩቅ አገር ወሬ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ በዳባት፣ በደባርቅና በአካባቢያቸው ባሉ ደጋማ ቦታዎች የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ስንዴው ግን ፍሬ የሚሞላው ዝናቡ እየራቀ ሲሄድ ነው። ያን ጊዜ ሥሩ የሚጠጣው አፈሩ ያጠራቀመውን ውኃ ነው። ይህ ውኃ ቀድሞ ካለቀ ፍሬው ይጨማደዳል፤ የገበሬው የዓመት ልፋትም ይጎድላል። እንግዲህ ውኃው ከአፈሩ የሚያመልጥባቸውን መንገዶች በፊዚክስ ዓይን እንመልከት።

የመጀመሪያው ጎርፍ ነው። በ1 ሄክታር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 10,000 ሊትር ይሆናል። ከተዳፋት ማሳ 20 ሚሊ ሜትር በጎርፍ ቢሄድ 200,000 ሊትር ከነለም አፈሩ ታጠበ ማለት ነው። እርከን መሥራትና ተዳፋቱን አግድም ማረስ የጎርፉን ፍጥነት ቀንሰው ውኃው የሚሰርግበትን ጊዜ ያስገኛሉ። በዋልካ አፈር ግን የተኛ ውኃ ሥሩን አየር ስለሚያሳጣው ትርፉን ማጠንፈፍ ይገባል።

ሁለተኛው ትነት ነው። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያሉት ጠባብ ቀዳዳዎችም ውኃን ወደ ላይ ይስባሉ። ይህም የካፒላሪ ስበት ይባላል። ቀዳዳው በጠበበ መጠን ውኃው የሚወጣበት ከፍታ ይጨምራል፤ ራዲየሱ 0.01 ሚሊ ሜትር በሆነ ንጹሕ የመስታወት ቱቦ ውስጥ 1.5 ሜትር ያህል ይደርሳል።

መፍትሔው ክሩን መበጠስ ነው። ኩትኳቶ የላይኛውን አፈር ስለሚያላላ የቀዳዳዎቹን ሰንሰለት ይቆርጣል፤ ውኃ የሚሻማውን አረምም ያስወግዳል። ስንዴን በመስመር መዝራት ለዚህ ሥራ ያመቻል። የገለባ ጉዝጓዝ ደግሞ ነፋስንና የፀሐይን ሙቀት ይከላከላል። 1 ኪሎ ግራም ውኃ ለማትነን 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል ስለሚያስፈልግ፣ ሙቀቱን መከልከል ውኃውን ማትረፍ ነው። ቅጠሉ መሬቱን ከሸፈነ በኋላ ጥላው ራሱ ስለሚያግዝ፣ ሁለቱም ይበልጥ የሚጠቅሙት ሰብሉ ገና ትንሽ ሳለ ነው።

ሆኖም ገለባ የከብት ቀለብ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። «ጎዝጉዙ» ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም፤ ምን ያህሉ ለከብቱ፣ ምን ያህሉ ለመሬቱ እንደሚሆን ከገበሬው ጋር መመካከር ያሻል።

ውድ አንባቢያን፣ በሁለት እኩል ጣሳዎች እኩል አፈርና ውኃ ጨምራችሁ አንዱን በገለባ ሸፍኑ። ሁለቱንም ለአንድ ሳምንት በየቀኑ መዝኑ፤ ከየጣሳው የጠፋው ክብደት የተነነው ውኃ ነው።