የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ሀ. የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ቱነይድባ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። የተቋቋመው በ2013 ዓ.ም በሰሜን ኢትዮጵያ በተነሣው ጦርነት ምክንያት በሐምዳይትና በሌሎች የጠረፍ ቦታዎች በኩል ድንበር ተሻግረው ለገቡ ኢትዮጵያውያን ነው። አካባቢው ዋልካ መሬት በመሆኑ በክረምት ጭቃው እግር ይይዛል፤ ዐውሎ ነፋስም ድንኳን ይነቅላል። ይሁን እንጂ የስደተኛ ቤተሰብ ችግር በዓይን የሚታየው ብቻ አይደለም። የማይታይ ሕመምም አብሮ ይሰደዳል።

ቤቱንና ጓደኞቹን ያጣ ልጅ ቢያዝን የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሐዘን ሁሉ በሽታ አይባልም። ዳሩ ግን ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቀው ሲቀር፣ ቀድሞ ይወደው የነበረው ጨዋታ ሲያስጠላው፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ሲዛባ፣ ከሰው ሲሸሽ ድባቴ የተባለው የስሜት ሕመም ሊሆን ይችላል። በወጣቶች ዘንድ ሕመሙ አንዳንድ ጊዜ በሐዘን ፈንታ በቁጣና በንጭንጭ ይገለጣል።

የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በ2007 ዓ.ም ልዩ ሐኪም በማይገኝባቸው የችግር ቦታዎች ለሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች አንድ መመሪያ አውጥተዋል። በዚህ ዓይነቱ መመሪያ መሠረት ለወጣት የሚቀድመው ምክርና የቤተሰብ ድጋፍ ነው። መድኃኒት የሚታሰበው ይህ ሳይበቃ ሲቀር፣ ያውም በሐኪም ክትትል ነው።

ለምሳሌ ያህል የ15 ዓመት ልጅ ያላት አንዲት እናት ትታሰብ። ልጇ ለብዙ ሳምንታት ምክር ቢሰጠውም አልተሻለውም። በመጨረሻ ሐኪሙ ፍሉኦክሰቲን የተባለውን መድኃኒት አዘዘለት። እናቲቱ ኪኒኑን በመዳፏ ይዛ ትጨነቃለች። ጎረቤት «እብድ» እንዳይለው ትፈራለች፤ ጥፋቱም የእርሷ ይመስላታል።

«ልጄ፣ ይህን ከጀመረ በኋላ ያለ እርሱ መኖር ይሳነው ይሆን?» ብላ ነርሷን ጠየቀቻት።

ነርሷም፣ «አይሆንም፣ እናቴ። ይህ ሱስ የሚያስይዝ መድኃኒት አይደለም። ነገር ግን በድንገት አይቋረጥም። ሕመሙም የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ወባ የያዘው ልጅ እናት ጥፋተኛ እንደማትባል ሁሉ እርስዎም አይባሉም» ስትል መለሰችላት።

የመድኃኒቱ ጠባይ ትዕግሥትን ይጠይቃል። ፈውሱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የማቅለሽለሽ፣ የራስ ምታትና የእንቅልፍ መታወክ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ጉዳቱ ከጥቅሙ ቀድሞ የደረሰ ይመስላል። ብዙ ወላጆች ተስፋ ቆርጠው መድኃኒቱን የሚጥሉት በዚህ ጊዜ ነው።

ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም በእነዚሁ ሳምንታት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በጥቅምት 1997 ዓ.ም ስለ ድባቴ መድኃኒቶች ብርቱ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። በተመረመሩት ጥናቶች መሠረት ራስን የመጉዳት ሐሳብ ወይም ድርጊት የመታየቱ ዕድል የይስሙላ ኪኒን በወሰዱት ወጣቶች ዘንድ ከመቶ ሁለት ሲሆን፣ መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ ከመቶ አራት ሆኖ ተገኘ። በጥናቶቹ ውስጥ ሕይወቱን ያጠፋ ግን አልነበረም። የዚህ ትርጉም መድኃኒቱ ይጣል ማለት ሳይሆን ልጁ ብቻውን አይተው ማለት ነው።

ስለዚህ እናቲቱ ኪኒኑን በየቀኑ በእጇ ትሰጠዋለች። በድንኳን ውስጥ መቆለፊያ ያለው ቁም ሣጥን ስለሌላት የሚሰጣት የአንድ ሳምንት ብቻ እንዲሆን ነርሷን ትለምናለች፤ በየሳምንቱም ከልጇ ጋር ትመለሳለች። ልጁ ሳይተኛ እያደረ ያለ መጠን ቢፈነድቅና ቢለፈልፍ፣ ወይም እጅግ ቢቁነጠነጥ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ለሐኪም ትናገራለች። ስለ ሞት ያስብ እንደሆነም በለሰለሰ ቃል ትጠይቀዋለች። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራም፤ ይልቁንም የታፈነውን ያስተነፍሳል። ጸሎትና ጠበል ብትሻም መድኃኒቱን ሳታስቀር ነው።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በአገሪቱ የመድኃኒት እጥረት ደርሷል። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚኖር ወላጅ ኪኒኑ ተሟጦ ሳያልቅ አስቀድሞ ለጤና ባለሙያ መንገር ይገባዋል። በድንገት መቋረጡ ማዞርንና መነጫነጭን ሊያመጣ፣ ሕመሙንም ሊመልስ ይችላልና።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ይሁንና ለተገለጠ በሽታም መድኃኒት መገኘቱ ብቻ አይበቃም። ኪኒኑ ሥራውን እስኪጀምር ድረስ ልጁን የሚጠብቀው የወላጅ ዓይን ነው።

ለ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በጽሑፍ መልሱ።

1. ሐዘንና ድባቴ በምን ይለያያሉ?
2. ብዙ ወላጆች መድኃኒቱን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጥሉት ለምንድን ነው?
3. እናቲቱ የአንድ ሳምንት ኪኒን ብቻ እንዲሰጣት የለመነችው ለምን ይመስላችኋል?

ሐ. የሚከተሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።

ዋልካ፣ ንጭንጭ፣ የይስሙላ፣ ያስተነፍሳል፣ ተሟጠጠ

መ. «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር በአንድ አንቀጽ አብራሩ።