ቃሉን የያዘ፥ ፊደሉ የከበደው ልጅ



ስሙ ከከተማችን ስም ጋር አንድ በሆነው በደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ ከደጃችን ቆሞ ሆያ ሆዬ የሚያወርደውን ልጅ እናስታውስ። የባለቤቱን ስም፥ የግቢውን ሁኔታ፥ የዘመኑን ወሬ እያየ ግጥሙን ከአፉ ያፈልቃል፤ ጓደኞቹም ይቀበሉታል። መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት ግን ይኸው ልጅ ከኋላ ይቀመጣል፤ አንብብ ሲባልም ላብ ያጠምቀዋል። «አፍ ብቻ ነው፤ ትምህርት አይገባውም» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ከፍ ያለ ተሰጥኦ እያለው ማንበብና መጻፍ ወይም ስሌት ለይቶ ስለሚቸግረው ስለዚህ ልጅ ነው።

ችግሩ ስንፍናም የአእምሮ ማነስም አይደለም። አንጎል ድምፅን ከፊደል ቅርጽ ጋር የሚያያይዝበት መንገድ ከሌላው ሰው በመለየቱ የሚመጣ፥ ብዙ ጊዜም በዘር የሚወረስ ነው። ልጁ በብልሃቱ ድካሙን ይሸፍናል፤ ድካሙም ብልሃቱን ይጋርድብናል። ስለዚህ ተራ ተማሪ መስሎ ያልፋል።

ፊደላችን ራሱ ለዚህ መሸፋፈን ያመቻል። 33ቱ ሆሄያት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ብዙዎቹም የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ነው። ጥሩ ጆሮ ያለው ልጅ የ«ሀ ሁ ሂ»ን ዜማ በጥቂት ቀን ይይዝና ስንጥሩ በተራ ሲጠቁም አንድም ሳይስት ይዘልቃል። እኛ ያነበበ ይመስለናል፤ እርሱ ግን የተወጣው በቃሉ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ከሀ ሁ ቀጥሎ ተራው የተዛነቀው አቡጊዳ መሰጠቱ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ዜማው ሲጠፋ መልኩን መለየት ግድ ይሆናልና። ወላጆችም ከታች ወደ ላይ፥ ከመሐል ወደ ዳር እየጠቆሙ ሊሞክሩት ይችላሉ። አስቀድሞ ግን ዓይኑና ጆሮው በጤና ጣቢያ ይመርመር፤ ትራኮማ የደቡብ ጎንደርን ሕፃናት ለረጅም ዘመን ያስቸገረ በሽታ መሆኑን አንዘንጋ።

የአብነት ትምህርት አድካሚም ቢሆን ለእንዲህ ያለው ልጅ አንድ በር ነበረው። የቀኑ ንባብ ቢከብደው በቃል የሚጠናው ውዳሴ ማርያም ይጠብቀው ነበር። ቅኔም የሚቆጠረው በልብ እንጂ በብራና አይደለምና ማየት የተሳናቸው ሊቃውንት ሳይቀሩ መምህራን ሆነውበታል። ድጓው በጋይንት ቤተ ልሔም የሚመሰከርለት ቅዱስ ያሬድ እንኳ በሕፃንነቱ ትምህርት ከብዶት፥ መምህሩ ጌዴዎን ቢገርፈው እንደ ሸሸ፥ ደጋግማ እየወደቀች ዛፍ የወጣችውን ትል አይቶም እንደ ተመለሰ ይተረካል። ይህን ብዙ ጊዜ የምናነሣው ስለ ትጋት ነው። ስለ ዱላውም ብናስብ መልካም ይመስለናል፤ ዱላው አሸሸው እንጂ አላስተማረውም።

በፈረንሳይም ቅዱስ ዮሐንስ ማርያም ቪያኒ (እ.ኤ.አ. 1786–1859) የላቲን ቋንቋ ከብዶት በፈተና ወድቆ ነበር። አስተማሪው አባ ባሌ አማልደውለት በገዛ ቋንቋው ቢጠየቅ ግን መለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1815ም ቅስና ተቀበለ። ሁለቱ ቅዱሳን ይህ ችግር ነበረባቸው ማለታችን አይደለም፤ ያልታወቀ ጸጋ እንዴት ሊቀር እንደሚችል ለማሳየት ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአካል ጉዳተኞችም ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውም እንደ ችሎታቸው እንዲማሩ ግብ አድርጎ ነበር። ሁለቱ በአንድ ልጅ ሲገናኙ ግን በክፍል ውስጥ የሚታየው ጉድለቱ ብቻ ነው።

መምህራን ሆይ፥ መጽሐፉን ማንበብ አልቻለም ብለን ልጁን ከመጀመሪያ ቁርባን ዝግጅት ወደ ኋላ አንመልሰው። በቃል እንጠይቀው፤ በጉባኤ ፊት ድንገት አንብብ አንበለው፤ የሚያነብለት ጓደኛ እናጣምርለት፤ የጽሕፈቱን ስሕተት ከሐሳቡ ለይተን እንረም። ተሰጥኦውንም ንባቡ እስኪስተካከል አናቆየው፤ የእሑዱን ወንጌል ሰምቶ ለታናናሾቹ ይተርክ። እግዚአብሔር የሙሴን ኮልታፋ አንደበት አልለወጠውም፤ አሮንን ሰጠው እንጂ (ዘጸ. 4፥10–16)። በየቁምስናችን ለዚህ ልጅ አሮን የሚሆነውን ከወዲሁ እንፈልግ።