የሕፃናትን የዳሌ ውልቃት በጊዜው መለየት፦ የካህናትና የሰበካ ጉባኤያት ድርሻ

በየአጥቢያችን ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ስትጠመቅ ካህናት፣ ወላጆችና የክርስትና አባቶችና እናቶች በአንድነት ደስ ይላቸዋል። ከዚያ ዕለት አስቀድሞ ግን ለሕፃናቱ ልናስብላቸው የሚገባ ነገር አለ። በዚህ ዕትም የምንመለከተው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከታወቀ በቀላሉ የሚድነውን፣ ከዘገየ ግን ዕድሜ ልክ የሚያስነክሰውን የዳሌ ውልቃት ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

የጭን አጥንት ራስ ክብ ሆኖ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ያርፋል። በአንዳንድ ሕፃናት ጎድጓዳው ጥልቀት ያንሰዋል፣ ጅማቶቹም ይላላሉ፤ በዚህም ምክንያት የአጥንቱ ራስ በከፊል ወይም ፈጽሞ ከስፍራው ይወጣል። ሕፃኑን ስለማያመው አያለቅስም፤ እናቲቱም አታስተውልም። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ልጁ መራመድ ጀምሮ ሲያነክስ ነው። ችግሩ በሴቶች ልጆች፣ በበኩር ልጆች፣ በማኅፀን በመቀመጫቸው በኩል በነበሩና በቤተሰባቸው ተመሳሳይ ችግር ባለባቸው ላይ ይበዛል።

በምርመራ ጊዜ ምን ይታያል?

ባለሙያው ሕፃኑን በጀርባው አስተኝቶ ጉልበቶቹን ያጥፋል፤ ጭኖቹን በቀስታ ወደ ውጭ ይከፍታል፤ መገጣጠሚያውም ከስፍራው ይወጣና ይገባ እንደሆነ በእጁ ይለያል። ይህ በኦርቶላኒና በባርሎ ስም የሚጠራ ምርመራ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ሲሆን ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። ሆኖም ሕፃኑ ከ2 እስከ 3 ወር ሲሆነው ጅማቶቹ ስለሚጠነክሩ ምርመራው ችግሩን የመግለጥ ኃይሉ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ የሚታዩት ምልክቶች አንዱ ጭን እንደ ሌላው አለመከፈቱና ጉልበቶቹ ሲታጠፉ አንዱ ዝቅ ማለቱ ናቸው። የጭን ቆዳ እጥፋት አለመመሳሰል በጤነኞችም ስለሚታይ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጥርጣሬ ሲኖር በመጀመሪያዎቹ ወራት በአልትራሳውንድ፣ ከ4 እስከ 6 ወር በኋላ ደግሞ በራጅ ይረጋገጣል።

በጊዜው ለተገኘ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ እግሮቹን አጥፎና ከፍቶ የሚይዝ ለስላሳ ማሰሪያ ለጥቂት ወራት ማድረግ ይበቃል። ከ6 ወር በኋላ ግን በማደንዘዣ ቦታው መልሶ በጀሶ ማሰር፣ መራመድ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል።

የክርስትናው ቀንና የክትባቱ ቀን

በአገራችን ክትባት በልደት፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። የወንዱ ክርስትና ከ6ኛው ሳምንት ክትባት ጋር በቀናት ይቀራረባል፤ የሴቷ ግን ከ10ኛው ሳምንት ያልፋል። እንግዲህ አራስ «ክርስትናው ሳይደርስ ከቤት አልወጣም» ብትል፣ ይበልጥ ለችግሩ የተጋለጠችው ሴት ልጅ የእጅ ምርመራው የሚጠቅምበትን ጊዜ ታሳልፋለች ማለት ነው። ሥርዓቱ አራሷን እስከ ተወሰነው ቀን ከቤተ መቅደስ ቢያቆያትም ከጤና ጣቢያ አይከለክላትም። ይህን ከነፍስ አባቷ አንደበት ስትሰማ ከማንም ይልቅ ታምናለች።

ስለ አስተቃቀፍ

የሕፃኑን እግሮች ቀጥ አድርጎ ጠፍሮ መጠቅለል ለውልቃት ያጋልጣል። በጃፓን ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እናቶች ይህን እንዲተዉ በሰፊው ከተማሩ በኋላ ችግሩ እጅግ ቀንሷል። በአንጻሩ የእናቶቻችን አንቀልባ የሕፃኑን ጭኖች ከፍቶ፣ ጉልበቶቹንም አጥፎ ስለሚይዝ ለዳሌው ተስማሚ ነው። ብርድ ሲሆን ከወገብ በላይ መጠቅለል፣ እግሮቹን ግን እንዲያጥፍና እንዲከፍት ላላ ማድረግ ይገባል።

ምን እናድርግ?

ካህናት ጸበል ለመርጨት ወደ አራስ ቤት ሲገቡ ሕፃኑ ክትባት መጀመሩንና ዳሌው መታየቱን ይጠይቁ። የክርስትና እናቶችም ይህንኑ ያስታውሱ። ሰበካ ጉባኤያት የአካባቢውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋብዘው ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ትምህርት ያሰጡ፤ ወደ ሆስፒታል ለተላከ ሕፃን ወላጆች የመጓጓዣ ወጪ በሚያጡበት ጊዜም ከምጽዋት ሣጥን ይርዱ። ልጁን ወደ ወጌሻ ወስዶ ማሳብ የአጥንቱን ራስ ሊጎዳ ስለሚችል ወላጆችን ይምከሩ።

ከሁሉ በላይ ልጅ ስታነክስ ወላጆቿን በኃጢአት የሚወቅሰውን ንግግር ከመካከላችን እናርቅ። ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ሲጠየቅ ይህን ፍርድ እንዳልተቀበለ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እናነባለን። ጸበሉና ሕክምናውም አይጣሉም፤ ሁለቱም ከአንዱ አምላክ የተሰጡ ናቸውና። በአጥቢያችን የምትጠመቅ ሕፃን ሁሉ ነገ በገዛ እግሯ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንድትመጣ ዛሬ የጥቂት ደቂቃ ምርመራ እንዳይቀርባት እንትጋ።