ምዕራፍ 9፦ ልክ ያልሆነ ሄልሜት እንደሌለ ይቆጠራል

በቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ በቡርጅ ኤል ባራጅነህ ሠፈር የሚኖሩ እህቶቻችንን ሄልሜት በሁለት በኩል ያገኛቸዋል። በሠፈሩ ያለው የስደተኞች ካምፕ መተላለፊያዎች በአብዛኛው መኪና ስለማያስገቡ ሞተር ሳይክል ላይ ይፈናጠጣሉ። አንዳንዷ ደግሞ የአሠሪዋን ልጅ ፈረስ ግልቢያ ትምህርት ታደርሳለች፤ ማሰሪያውን ከልጁ አገጭ ሥር የምትቆልፈው እሷ ናት። ይህ ምዕራፍ በተለይ ለእሷ ተጽፏል።

እኛ ፈረስ የምናውቅ ሕዝብ ነን። የአገው ፈረሰኞች ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ሲሰበሰቡ አገር ያያል። በጉግስም ጋላቢው የተወረወረበትን ዘንግ በጋሻው ይመክታል። ከኮርቻ ወድቆ መሬት የሚመታን ራስ ግን ጋሻ አይደርስለትም። ችሎታም ቢሆን አያስጥልም፦ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ የተሳተፈችው አሜሪካዊት ጋላቢ ኮርትኒ ኪንግ ዳይ በ2010 ያለ ሄልሜት ስትለማመድ ፈረሷ ተደናቅፎ ወደቀች፤ ለሳምንታትም ራሷን ስታ ቆየች።

ውስጡን ይወቁ

ዋናውን ሥራ የሚሠራው ከውጭኛው ሽፋን ሥር ያለው ፎም ነው፤ አዲስ ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚገባው ነጭ ፎም ጋር ይመሳሰላል። ራስ መሬት ሲመታ ፎሙ እየተጨፈለቀ ምቱን በጥቂት ሚሊሰከንዶች ያራዝመዋል፤ አንጎልን የሚያተርፉት እነዚያ ሚሊሰከንዶች ናቸው። አንዴ የተጨፈለቀ ፎም ግን ተመልሶ አይነፋም። ቀለሙ ሳይጫር ውስጡ ያለቀለት ሄልሜት ብዙ ነው። ስለዚህ እሑድ ሱቅ ኤል አሐድ ገበያ ሲወጡ ያገለገለ ሄልሜት አይግዙ። ሰው የወደቀበትንም፣ ባይሰነጠቅ እንኳ፣ ይቀይሩ።

እንዴት ይፈተናል?

ኤፍ 1163 በተባለው የአሜሪካ መስፈርት ሄልሜቱ ለብረት ራስ ይደረግና ከ1.8 ሜትር ከፍታ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ይለቀቃል፤ ከ1.3 ሜትር ደግሞ ስለታም ጠርዝ ላይ። በብረቱ ራስ ውስጥ ያለው መለኪያ ከመሬት ስበት 300 እጥፍ በላይ ካሳየ ሄልሜቱ ፈተናውን ወደቀ ማለት ነው። ሞቆም፣ ቀዝቅዞም፣ በውሃ ርሶም ይሞከራል።

ይህ ፈተና ቀጥተኛ ምትን ይለካል። ከፈረስ የሚወድቅ ሰው ራስ ግን ብዙ ጊዜ እየተሽከረከረ ነው የሚያርፈው። ይህን ሽክርክሪት ለመቀነስ ስዊድናውያን ሚፕስ የተባለ ተንሸራታች ውስጠኛ ሽፋን ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ የወጣውም በፈረስ ሄልሜት ላይ ነበር።

ሲገዙ ውስጡ የተለጠፈውን ያንብቡ፦ ኤፍ 1163፣ ኢኤን 1384 ወይም ፓስ 015 የሚል ይፈልጉ። የብስክሌት ሄልሜት ለፈረስ አይሆንም፤ የተፈተነበት አወዳደቅ ሌላ ነው።

ልኩን ይፈትሹ

1. በሜትር ከቅንድብ አንድ ጣት ከፍ አድርገው፣ ከጆሮ በላይ፣ በማጅራት በኩል ራስ በጣም በሚወጣበት ዙሪያውን ይለኩ። ሹሩባ የተሠራ ራስና የተፈታ ጸጉር ልካቸው ይለያያል፤ በሚጋለብበት የጸጉር አሠራር ይለኩ። ከላይ የተጠቀለለ ጸጉር ወደ ማጅራት ይውረድ።
2. ሄልሜቱ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ወደ ኋላ ተንጋሎ ግንባር አያጋልጥ።
3. ማሰሪያውን ሳይቆልፉ ሄልሜቱን ግራና ቀኝ ያንቀሳቅሱት። የግንባር ቆዳ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ልክ ነው፤ ሄልሜቱ ብቻውን ከዞረ ሰፊ ነው።
4. ማሰሪያውን ይቆልፉ። በአገጭና በማሰሪያው መካከል ከአንድ ጣት በላይ አይግባ።
5. አሥር ደቂቃ ያቆዩት። አንድ ቦታ ላይ የሚወጋ ወይም ቀይ ምልክት የሚተው ከሆነ ቅርጹ ለዚያ ራስ አይሆንም።

“ያድግበታል” ብሎ ሰፊ መግዛት ለጫማ ይሠራል፤ ለሄልሜት ግን አደጋ ነው። ልጁ ሲወድቅ ሄልሜቱ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ግንባሩን ባዶ ያስቀረዋል።

ሞተር ላይም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሊባኖስ የትራፊክ ሕግ ቁጥር 243 ሄልሜት ያስገድዳል። የአውሮፓን ፈተና ያለፈ የሞተር ሄልሜት ማሰሪያው ላይ በክብ ውስጥ የ“ኢ” ምልክት የተሰፋበት ነው። ለኋላ ተቀማጭ ሄልሜት የሌለው ሞተረኛ ቢያጋጥምዎ ሌላ ይጠብቁ።

ልጁን የሚያዘጋጁት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ፣ አምስቱን የልክ ፍተሻዎች ሳይጨርሱ ፈረስ ላይ እንዳይወጣ። ሰፊ ሆኖ ካገኙት “ማዳም፣ ይሄ ሰፍቶታል፤ ራሱ ላይ ይዞራል” ብለው አዙረው ያሳዩ። በዓይኗ ያየች እናት አትከራከርዎትም።