የቤት ሠራተኛ ደመወዝና መካከለኛው የኑሮ ክፍል
በናይሮቢ ከተማ በላቪንግተን ሠፈር ምሳሌነት የቀረበ ትምህርት

የኬንያ ዋና ከተማ ከሆነችው ከናይሮቢ መሐል ወደ ምዕራብ ሲኬድ ላቪንግተን የሚባል ሠፈር ይገኛል። ቦታው በ1899 ዓ.ም. የቅዱስ ኦስቲን የካቶሊክ ሚስዮን የተመሠረተበትና መነኮሳቱ ቡና የተከሉበት አገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በስተመጨረሻ የኢትዮጵያ ተብለው ከተለዩት በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኋላ የአውሮፓውያን መኖሪያ ሆነ፤ ኬንያ በ1963 ነጻ ከወጣች ወዲህ ደግሞ ሹማምንት፣ ጠበቆች፣ ሐኪሞችና ነጋዴዎች ሠፈሩበት። ዛሬ ሰፋፊ ግቢ ያላቸው አሮጌ ቤቶች እየፈረሱ በየቦታቸው ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻዎች ይቆማሉ። ከላቪንግተን በስተ ምዕራብ ካዋንግዋሬ የሚባል፣ የድኻ ቤት የተጨናነቀበት ሠፈር አለ። ማለዳ በጊታንጋ መንገድ ላይ የቆመ ሰው፣ ከካዋንግዋሬ ተነሥተው ወደ ላቪንግተን በእግራቸው የሚጓዙትን ሞግዚቶች፣ ወጥ ቤቶች፣ አትክልተኞችና ዘበኞች ያያል።

በኬንያ ስለ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚደረገው ክርክር በፋብሪካ በር ላይ የሚያበቃ ሳይሆን፣ በዚሁ መንገድ ተጉዞ እስከ ማድ ቤት የሚገባ ነው። ምክንያቱም መካከለኛ ኑሮ ያለው የናይሮቢ ሰው በወር መጨረሻ ደመወዙን የሚቀበል ተቀጣሪ ሲሆን፣ በማግስቱ ደግሞ ለቤት ሠራተኛው ደመወዝ የሚከፍል ቀጣሪ ይሆናል። ለራሱ ሲሆን ኑሮ ተወደደ ብሎ ጭማሪ ይጠይቃል፤ ከቤቱ ያለችው ሠራተኛ ይህንኑ ስትጠይቀው ግን ነገሩ ይከብደዋል።

የነገሩ ሥር የቆየ ነው። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን በናይሮቢ ለአፍሪካዊ ሠራተኛ የሚወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ የሚሰላው ሠራተኛው ወንደላጤ እንደ ሆነ ተቆጥሮ ነበር። ሚስቱና ልጆቹ በአገር ቤት ከእርሻው ይበላሉ ተብሎ ስለ ታሰበ፣ የከተማው ደመወዝ አንድ አፍ ብቻ እንዲያጠግብ ተደረገ። በ1954 በሥራ ጉዳይ ኮሚሽነሩ በካርፔንተር ሊቀ መንበርነት የተቋቋመው ኮሚቴ ይህን ስሌት መርምሮ ነቀፈው። በከተማ ከሚገኙት የግል ድርጅት ሠራተኞች ግማሽ ያህሉ ለጤናና ለሥራ ብቃት የሚያስፈልገውን እንኳ የማያሟላ ደመወዝ እንደሚቀበሉ ገለጸ፤ ደመወዙም ቀስ በቀስ ቤተ ሰብን ወደሚያስተዳድር ልክ ከፍ እንዲል አሳሰበ። ጊዜው የማው ማው ዐመፅ የጋለበት ስለ ነበረ፣ መንግሥቱ ይህን ያደረገው ከርኅራኄ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል።

በዚያን ጊዜ የሠራተኛውን ድምፅ ያሰማ የነበረው የኬንያ የሠራተኞች ፌዴሬሽን ዋና ጸሐፊ ቶም ምቦያ ነበር። በ1955 የሞምባሳ ወደብ ሠራተኞች ሥራ ባቆሙ ጊዜ በሽምግልና ገብቶ የደመወዝ ጭማሪ አስገኝቷል። በ1962 የሥራ ሚኒስትር ሳለም መንግሥት፣ አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት የተፈራረሙበት የኢንዱስትሪ ግንኙነት ቃል ኪዳን ወጣ። ምቦያ በሐምሌ 5 ቀን 1969 በጥይት ተገደለ። መኖሪያ ቤቱም በዚሁ በላቪንግተን ነበር።

ደመወዝ ከፍ ሲል ሥራ ያንሳል የሚለውም ክርክር በናይሮቢ ጥልቅ ታሪክ አለው። በ1964 በተደረገው የሦስትዮሽ ስምምነት አሠሪዎችና መንግሥት የሠራተኛ ቁጥር እንዲጨምሩ፣ ማኅበራቱም በፋንታው የደመወዝ ጭማሪ እንዳይጠይቁ ተስማሙ። ወሬው በተሰማ ጊዜ ግን ከገጠር ሥራ ፈላጊው ጎረፈ። ሀሪስና ቶዳሮ የተባሉት የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ1970 ባሳተሙት ጥናት፣ የከተማው ደመወዝ ከገጠሩ ገቢ እጅግ ሲበልጥ ሥራ ማግኘቱ ያልተረጋገጠለት ሰው እንኳ ዕድሉን ለመሞከር ወደ ከተማ ይመጣል ያሉት ይህንኑ የምሥራቅ አፍሪካ ሁኔታ ተመልክተው ነው። አስተሳሰባቸው በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች ይጠናል፤ ነገር ግን ለወንደላጤ በተሰላ ደመወዝ ልጅ ለምታሳድግ ሴት የሚሰጠው መልስ የለም።

ዛሬ ሕጉ የቤት ሠራተኛን ከሌሎች ሠራተኞች አይለይም። የቤት ሠራተኛ፣ ሞግዚት፣ አትክልተኛ፣ የጽዳት ሠራተኛና የቀን ዘበኛ በደመወዝ ትእዛዙ ውስጥ በአንድ መደብ ተመዝግበዋል። በናይሮቢ ከተማ ለዚህ መደብ የተወሰነው ዝቅተኛ የወር ደመወዝ በ2017 12,926.55 ሽልንግ፣ በ2018 13,572.90፣ በ2022 15,201.65 ነበር፤ ከኅዳር (ኖቬምበር) 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ 16,113.75 ሽልንግ ሆነ። መኖሪያ የማይሰጥ አሠሪ በዚህ ላይ ከመቶ 15 የቤት አበል መጨመር ይገባዋል፤ ይህም በጠቅላላው 18,530 ሽልንግ ያህል ነው።

በእነዚህ አኃዞች ውስጥ ፖለቲካው ይነበባል። ምርጫ በተደረገባቸው በ2017 ጭማሪው ከመቶ 18፣ በ2022 ከመቶ 12 ነበር። ምርጫ ባልነበረበት በ2018 ከመቶ 5 ብቻ ሆነ፤ ከዚያም እስከ 2022 ድረስ ምንም አልተጨመረም። ፕሬዚዳንቱ ጭማሪውን በሠራተኞች ቀን በአደባባይ ያውጃሉ፤ ጭብጨባውም በዚያው ዕለት ይሰማል። ሆኖም በሜይ 1 ቀን 2024 የታወጀው የከመቶ 6 ጭማሪ ሥራ ላይ የዋለው ከስድስት ወር በኋላ ነው።

የመካከለኛው ክፍል አቤቱታም ከንቱ አይደለም። ለምሳሌ ያህል በወር 80,000 ሽልንግ የሚያገኝ መምህር ወይም የባንክ ጸሐፊ ቢኖር፣ ከገቢ ግብርና ከጡረታ መዋጮ ሌላ ለቤቶች ግንባታ ከመቶ 1.5፣ ለጤና መድን ከመቶ 2.75 ይቀነስበታል፤ ይህ ብቻ 3,400 ሽልንግ ነው። ለቤት ሠራተኛ በሕግ የተወሰነውን ከነአበሉ ቢከፍል ከጠቅላላ ደመወዙ ሩብ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። በጁን 2024 ወጣቶች የፋይናንስ ረቂቁን ተቃውመው አደባባይ የወጡት፣ ፕሬዚዳንት ሩቶም ረቂቁን ለመተው የተገደዱት፣ ግብሩ በዚህ ዓይነት በየአቅጣጫው ስለ ተደራረበ ነው። እንደዚህ ያለው ቤተ ሰብ ሠራተኛዋን ቢያሰናብት ሚስት ወይም ባል ከሥራ መቅረት ግድ ይሆናል፤ የሁለቱ ደመወዝ የቆመው በሦስተኛዋ ሴት ጉልበት ነውና።

ብዙዎች ግን ከዚህ ተነሥተው የሚሄዱበት መንገድ የተጣመመ ነው። ሠራተኛዋ ከቤት ትበላለች፣ ከቤት ታድራለች፣ እንደ ልጃችን ናት ይላሉ። የመኝታው ነገር በትእዛዙ ውስጥ አስቀድሞ የታሰበ ነው፤ መኖሪያ ለሚሰጥ አሠሪ የሚቀርለት ያ ከመቶ 15 ብቻ እንጂ ዋናው ደመወዝ አይደለም። «እንደ ልጃችን» የሚባለውም ቃል ብዙ ጊዜ የሚሰማው ደመወዝ ሲጠየቅ ነው፤ በንብረት ክፍፍል ጊዜ አይሰማም። በላቪንግተን አሮጌ ግቢዎች ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ የሎሌ ክፍል ይሠራ ነበር። አዲሶቹም ፎቆች ይህን ልማድ አልተዉትም፤ በኪራይ ማስታወቂያ ላይ «ዲ ኤስ ኪው» ተብሎ የሚጻፈው ይኸው የሠራተኛ ክፍል ነው። ሕንጻውን የነደፈው መሐንዲስ የሠራተኛዋን ቦታ በካሬ ሜትር ለክቶ አስቀምጧል፤ ደመወዟ ግን በቃል ስምምነት ይቀራል።

ሕጉን ማስፈጸሙም ከባድ ነው። የሥራ ተቆጣጣሪ ፋብሪካ ገብቶ መዝገብ ይመረምራል፤ የሰውን ሳሎን አንኳኩቶ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። የቤት ሠራተኞችን ከሆቴልና ከሆስፒታል ሠራተኞች ጋራ የሚያቅፈው ኩዴሂያ የተባለው ማኅበርም አባላቱን የሚያገኘው ከየቤቱ ለቃቅሞ ነው። ከሥራ ከተባረሩ በኋላ ወደ ሥራ ክርክር ፍርድ ቤት ሄደው የጎደለባቸውን ደመወዝ ያስፈረዱ የቤት ሠራተኞች አሉ። ከሥራ ላይ ሳለች የምትከስ ግን እምብዛም አትገኝም፤ ክስ ያቀረበች ዕለት ሥራዋንም ማደሪያዋንም በአንድ ጊዜ ታጣለችና። ከዚህም በታች ያሉት፣ በስዋሂሊ «ማማ ፉዋ» የሚባሉት አጣቢ ሴቶች፣ በየመንገዱ ዳር ተቀምጠው የዕለቱን ልብስ የሚያሳጥብ ሰው ይጠባበቃሉ። ለእነርሱ የወር ደመወዝ ትእዛዝ የሩቅ ነገር ነው።

በኢትዮጵያ በኩል ጉዳዩ ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ወኪሎች የሚገኙበት የደመወዝ ቦርድ በደንብ እንዲቋቋም ያዝዛል፤ አኃዙን ግን ራሱ አልወሰነም። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት፣ ማለትም የቤት ሠራተኛን ውል፣ ከአዋጁ ውጪ አድርጎ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከአሠሪው ጋራ ስለሚኖር የቤት ሠራተኛ ከቁጥር 2601 ጀምሮ ጥቂት አንቀጾች አሉት፤ የደመወዝ ልክ ግን በውስጣቸው የለም። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ይህም አኃዝ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚሠራውን ጸሐፊ ይመለከታል እንጂ፣ እርሱ ቢሮ በሚውልበት ሰዓት ከቤቱ ልጁን የምትጠብቅለትን ልጃገረድ አይመለከትም።