ለልል መሬት የሚሆን የጎማ ሞዴል እንዴት ይመረጣል?

መግቢያ

አንድ ተሽከርካሪ በአስፋልት ላይ ሲጓዝ መሬቱ ከጎማው በታች ቅርጹን አይለውጥም ማለት ይቻላል። የሚጫነውና የሚተጣጠፈው፣ ጭነቱ ሲያልፍም ወደ ቀድሞ ቅርጹ የሚመለሰው ጎማው ነው። ያው ተሽከርካሪ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ አሸዋ ወይም የክረምት ዝናብ ወዳራሰው ዋልካ ሲገባ ግን የሚለወጠው ጎማው ብቻ መሆኑ ይቀራል። መሬቱም ይሰምጣል፤ ይጠቀጠቃል፤ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይገፋል፤ ጎማው ካለፈ በኋላም ወደ ነበረበት አይመለስም። ከተሽከርካሪው ጀርባ የሚቀረው የጎማ ፈለግ ሞተሩ አፈሩን ለመጠቅጠቅ ያወጣው ሥራ ምልክት ነው።

ዛሬ ተሽከርካሪዎች ከመሠራታቸው በፊት ባሕርያቸው በኮምፒውተር ይጠናል። ይህ አሠራር ሲሙሌሽን ይባላል። በሲሙሌሽን ውስጥ ተሽከርካሪውን ከመሬት ጋር የሚያገናኘው የጎማው ሞዴል በመሆኑ፣ ሞዴሉ ከመሬቱ ጠባይ ጋር ካልተስማማ የቀረው ስሌት ምንም ያህል የተጠነቀቀ ቢሆን ውጤቱ ሊታመን አይችልም። በዚህ ጽሑፍ በልል መሬት ላይ ለሚሄድ ተሽከርካሪ የትኛው የጎማ ሞዴል እንደሚስማማ፣ ምክንያቱም ምን እንደሆነ በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ላይ ተመሥርተን እንመለከታለን።

1. ለመንገድ የተሠሩ ሞዴሎች

በመኪና ኢንዱስትሪ በሰፊው ከሚታወቁት የጎማ ሞዴሎች አንዱ በኔዘርላንድ የዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ሃንስ ፓሴይካ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ለኅትመት የበቃው ይህ ቀመር «ማጂክ ፎርሙላ»፣ ማለትም አስማታዊው ቀመር፣ ተብሎ ይጠራል። ስሙ የተሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀመሩ ከፊዚክስ ሕግ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ የተገኘ አይደለም፤ በሙከራ የተለካውን የጎማ ኃይል በጥሩ ሁኔታ የሚከተል፣ ከሳይንና ከአርክታንጀንት የተገነባ የሒሳብ መስመር ነው። ከእርሱ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የፊያላ ሞዴልም፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት በርካታ ሞዴሎችም የሚጋሩት አንድ መሠረታዊ ግምት አለ። ይኸውም መሬቱ ግትር ነው የሚለው ነው።

እነዚህ ሞዴሎች በአስፋልት ላይ መሪ ሲዞርና ፍሬን ሲያዝ የሚሆነውን በፍጥነትና በአጥጋቢ ትክክለኛነት ያሰላሉ። ችግሩ የሚመጣው ተማሪዎች ዝግጁ የሆነውን ሞዴል ወስደው «ጭቃ ስለሆነ የሰበቃውን መጠን ከ0.8 ወደ 0.3 እንቀንሰው» ሲሉ ነው። ይህ አካሄድ ጭቃውን እንደሚያንሸራትት ሰሌዳ ይቆጥረዋል። ጭቃ ግን ማንሸራተት ብቻ ሳይሆን መዋጥም ያውቃል። ሰበቃውን መቀነስ የስምጠትን ተቃውሞ አይሰጠንም፤ የፊት ጎማ የጠቀጠቀውን አፈር የኋላ ጎማ በተለወጠ ሁኔታ እንደሚያገኘውም አያሳየንም።

2. የቤከር ሐሳብ

ይህን ጉድለት ለመሙላት መሠረቱን የጣሉት የፖላንድ ተወላጁ መሐንዲስ ሚዬቺስዋፍ ቤከር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተሙት መጽሐፍ የተሽከርካሪና የመሬት ግንኙነት ራሱን የቻለ የጥናት መስክ እንዲሆን አድርገዋል። መስኩ ዛሬ ቴራሜካኒክስ ይባላል። ቤከር በኋላ አፖሎ 15 እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ ጨረቃ ይዛው በሄደችው ተሽከርካሪ ሥራ ተሳትፈዋል። የዚያች ተሽከርካሪ ጎማዎች አየር የሚሞላባቸው አልነበሩም፤ ዚንክ ከተቀባ የብረት ሽቦ የተሸመኑ ነበሩ።

የቤከር ቀመር መነሻው ቀላል ሙከራ ነው። አንድ ጠፍጣፋ ብረት አፈሩ ላይ አስቀምጠን እየተጫንን ምን ያህል እንደሚሰምጥ እንለካለን። በግፊቱና በስምጠቱ መካከል የሚገኘው ዝምድና እንዲህ ይጻፋል፦

ግ = (ቀ₁ ÷ ወ + ቀ₂) × ጠ^ን

በዚህ ቀመር ግ ግፊት፣ ወ የብረቱ ወርድ፣ ጠ የስምጠቱ ጥልቀት ነው። ቀ₁፣ ቀ₂ እና ርቢው ን ደግሞ የአፈሩ መለያ ቁጥሮች ናቸው። ን ከ1 ጋር እኩል ቢሆን አፈሩ ሲጫኑት እንደ ሞላ፣ በሁክ ሕግ መሠረት ይቃወማል ማለት ነው። ልዩነቱ ሞላ ሲለቁት የሚመለስ ሲሆን አፈሩ ግን የማይመለስ መሆኑ ነው። ስለዚህ ለመጠቅጠቅ የወጣው ሥራ ጠፍቶ የሚቀር ነው። ጎማው አንድ ሜትር በሄደ ቁጥር ይህን ሥራ መክፈል አለበት። ሥራ ለርቀት ሲካፈል ኃይል እንደሚሆን እናውቃለን፤ ይህም ኃይል የመጠቅጠቅ ተቃውሞ ይባላል።

ሁለተኛው ጥያቄ አፈሩ ምን ያህል የመግፋት አቅም ይሰጠናል የሚለው ነው። ጎማው ወደ ፊት የሚሄደው አፈሩን ወደ ኋላ በመግፋት ነው። አፈሩ ተሸንፎ አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ ከመንሸራተቱ በፊት የሚሸከመው ትልቁ ኃይል በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ በቅንጣቶቹ ትስስርና በውስጥ ሰበቃቸው። ደረቅ አሸዋ ትስስሩ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ አቅሙ በሰበቃ ላይ የቆመ ነው። እርጥብ ሸክላ አፈር ግን ሰበቃው አንሶ ትስስሩ ይጎላል። ያኖሲና ሃናሞቶ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳዩት ይህ አቅም በአንድ ጊዜ አይገኝም። ጎማው በመጠኑ እየተንሸራተተ አፈሩን ሲገፋ ኃይሉ ቀስ በቀስ እያደገ ወደ ጣሪያው ይጠጋል። በልል መሬት ላይ ያለ ምንም መንሸራተት መጎተት አይቻልም ማለት ነው።

3. አንድ ምሳሌ በቁጥር

የሞዴል ምርጫ ውጤቱን ምን ያህል እንደሚለውጥ ለማየት ቀላል ስሌት እንሥራ። የጎማው ስፋት 0.2 ሜትር፣ ዲያሜትሩ 0.7 ሜትር፣ የተሸከመው ክብደት 5 ኪሎኒውተን ይሁን። መሬቱ ደረቅ አሸዋ ነው። በመስኩ መጻሕፍት በተደጋጋሚ የሚጠቀሰውን አንድ ልኬት ብንወስድ ን = 1.1፣ ቀ₁ = 0.99፣ ቀ₂ = 1528 (በኪሎኒውተንና በሜትር)፣ የውስጥ ሰበቃ ማዕዘኑ 28 ዲግሪ ነው።

ሀ) ጎማው በአየር ተወጥሮ እንደ ግትር አካል ቢሆን፣ ቤከር ለግትር ጎማ ባወጡት ቀመር መሠረት ስምጠቱ 11 ሴንቲሜትር ያህል፣ የመጠቅጠቅ ተቃውሞው 1.5 ኪሎኒውተን ያህል ይሆናል።

ለ) አየሩ ተቀንሶ ጎማው በመሬቱ ላይ የሚያሳርፈው አማካይ ግፊት 100 ኪሎፓስካል ቢሆን፣ ከላይ ከተጻፈው ቀመር ስምጠቱ ወደ 8 ሴንቲሜትር፣ ተቃውሞው ወደ 0.8 ኪሎኒውተን ይወርዳል።

የ28 ዲግሪ ታንጀንት 0.53 ነው። ስለዚህ አሸዋው የሚሰጠው ትልቁ የመግፋት ኃይል በሁለቱም ሁኔታ 2.7 ኪሎኒውተን ያህል ነው። ተቃውሞውን ስንቀንስ ለመጎተት የሚተርፈው በመጀመሪያው 1.2፣ በሁለተኛው 1.9 ኪሎኒውተን ይሆናል። አሁን 15 ዲግሪ ያዘነበለ የአሸዋ ዳገት ከፊታችን አለ እንበል። ክብደቱን ወደ ላይ ለመሳብ 5 × 0.26፣ ማለትም 1.3 ኪሎኒውተን ያስፈልጋል። የተወጠረው ጎማ ይቀራል፤ አየሩ የተቀነሰው ይወጣል። በዳገቱ ምክንያት መሬቱን የሚጫነው ኃይል በጥቂቱ መቀነሱ ይህን ድምዳሜ አይለውጠውም።

የመንገድ ሞዴል ሰበቃውን 0.53 ብንሰጠው ምን ይላል? የተቃውሞ ስሌት ስለሌለው 2.7 ኪሎኒውተን አለ፣ ዳገቱ በቀላሉ ይወጣል ይለናል። የቁጥር ስሕተት አልተሠራም፤ ስሌቱ ንጹሕ ነው። የተሳሳተው ፊዚክሱ ነው። በአሸዋ የሚነዱ አሽከርካሪዎች ከጎማቸው አየር የሚቀንሱበት ምክንያት ከቤከር ቀመር ሲወጣ ከመንገዱ ሞዴል ግን አይወጣም።

4. የሞዴሎቹ መሰላል

በልል መሬት ላይ የምንጠቀምባቸውን አማራጮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ብናስቀምጣቸው እንዲህ ይሆናሉ።

ሀ) ግትር ጎማ በቤከር መሬት ላይ። መሬቱ ከጎማው በጣም ሲለሰልስ ጎማው ቅርጹን ብዙ ስለማይለውጥ ግትር ነው ብለን ብንወስድ ብዙ አንሳሳትም። ለብረት ጎማዎችና በልል አሸዋ ላይ ለተወጠረ ጎማ ተስማሚ ነው። ስሌቱም ፈጣን ነው።

ለ) ግትር ጎማ በሚያስታውስ መሬት ላይ። በጀርመን የኤሮስፔስ ማዕከል ተመራማሪዎች የተዘጋጀው ዘዴ መሬቱን እንደ መረብ ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የቤከርን ቀመር ያሰላል። ነጥቦቹ የሰመጡበትን ጥልቀት ስለሚይዙ የኋላው ጎማ የፊተኛውን ፈለግ ያገኘዋል።

ሐ) ተጣጣፊ ጎማ። ጎማው በፋይናይት ኤለመንት ዘዴ በብዙ ጥቃቅን ክፍሎች ተከፍሎ፣ ጎማውም መሬቱም በአንድነት እንዲለወጡ ይደረጋል። የአየር ግፊት ለውጥ ራሱ የጥናቱ ጥያቄ ሲሆን ወደዚህ መውጣት ተገቢ ነው።

መ) መሬቱን በቅንጣት ማስላት። በዲስክሪት ኤለመንት ዘዴ እያንዳንዱ የአሸዋ ቅንጣት ለብቻው ይሰላል። አንድ ሜትር ኩብ ቦታ በአንድ ሚሊሜትር ኩቦች ቢሞላ አንድ ቢሊዮን ኩቦችን ይይዛል። ስለዚህ ይህ ዘዴ ብዙ ማስሊያ የሚፈልግና ከተወሰነ ቦታ በላይ ለማስፋት አስቸጋሪ ነው። ጠቀሜታው አፈሩ በጎማው ጥርሶች መካከል እንዴት እንደሚፈስ ማሳየቱ ነው።

በአሜሪካ የዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲና በጣሊያን የፓርማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚያዘጋጁት ክሮኖ የተባለ ሶፍትዌር እነዚህን አማራጮች በአንድ ላይ ይዟል። ያለ ክፍያ የሚገኝ በመሆኑ በተማሪዎች ዘንድ ሊታወቅ ይገባዋል። በውስጡም የመንገድ ሞዴሎቹ ለግትር መሬት፣ ግትሩና ተጣጣፊው ጎማ ደግሞ ለልል መሬት ጭምር የሚያገለግሉ ተብለው ተለይተው ተቀምጠዋል።

5. ከምርጫው በፊት የሚጠየቁ አራት ጥያቄዎች

አንደኛ፣ ጎማውና መሬቱ ሲነጻጸሩ የበለጠ የሚለሰልሰው የትኛው ነው? መሬቱ እጅግ ከጠነከረ የመንገድ ሞዴል፣ እጅግ ከለሰለሰ ግትር ጎማ ይበቃል። ሁለቱ ሲቀራረቡ ተጣጣፊ ጎማ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የምንፈልገው መልስ ምንድን ነው? «መኪናው ያልፋል ወይስ አያልፍም?» የሚለውና «የትኛው የጥርስ ቅርጽ ይሻላል?» የሚለው አንድ ዓይነት ሞዴል አይጠይቁም።

ሦስተኛ፣ የአፈሩ ቁጥሮች በእጃችን አሉ? ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው። በአገራችን ደጋማ ክፍሎች በሰፊው የሚገኘው ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ በሐምሌ ግን አብጦ ይላቁጣል፤ በጎማው ጥርስ ውስጥም ይሞላል። በጥር የተለካ ቁጥር ለሐምሌ አያገለግልም። ከዚህም በላይ የጭቃው መጣበቅ በቤከር ቀመር ውስጥ የለም። በሌላ አገር አሸዋ ላይ የተለካ ቁጥር ወስዶ በከባድ ሞዴል ማስላት ትክክለኛ ከመምሰል በቀር ትክክለኛ አያደርግም።

አራተኛ፣ ስሌቱ ምን ያህል ጊዜ ይደገማል? አንድን ንድፍ በሺህ ዓይነት ሁኔታ ለመፈተን ፈጣን ሞዴል ያስፈልጋል። ከባዱን ሞዴል ጥቂት ጊዜ አስልቶ ቀላሉን በእርሱ ማረም የተሻለ መንገድ ነው።

6. ጉዳዩ የቤተ ሙከራ ጨዋታ አይደለም

እ.ኤ.አ. በጥር 2004 ማርስ ላይ ያረፈችው ስፒሪት የተባለች ተሽከርካሪ በ2009 የላዩ ቅርፊት ሲሰበር ከሥሩ ባለው ልል አፈር ውስጥ ሰመጠች። ከስድስቱ ጎማዎቿ አንዱ ከ2006 ጀምሮ መዞር አቁሞ ነበር። መሐንዲሶች በምድር ላይ በተዘጋጀ የአፈር ሳጥን ብዙ ሙከራ ቢያደርጉም ሊያወጧት አልቻሉም። የመጨረሻ መልእክቷ የተሰማው በመጋቢት 2010 ሲሆን ናሳ ጥረቱን ያቆመው በግንቦት 2011 ነው። በቤከር ሐሳብ ላይ የተመሠረቱ ሲሙሌሽኖች የማርስ ተሽከርካሪዎችን መንገድ ለማጥናት የሚያገለግሉት እንዲህ ያለውን አደጋ ለመቀነስ ነው።

ወደ ምድር ስንመለስም ትራክተር ማሳውን ምን ያህል እንደሚጠቀጥቅ፣ አምቡላንስ በክረምት የገጠር መንገድ ማለፍ ትችል እንደሆነ የሚጠየቀው ጥያቄ በፊዚክሱ ከዚህ አይለይም።

ማጠቃለያ

ጥሩ ሞዴል ማለት እጅግ የተወሳሰበው ማለት አይደለም። ለጥያቄው የሚያስፈልገውን ፊዚክስ የያዘ፣ የሚፈልጋቸው ቁጥሮችም ሊለኩ የሚችሉ ሞዴል ነው። በልል መሬት ላይ ሊቀር የማይችለው ፊዚክስ ደግሞ ስምጠት፣ የመጠቅጠቅ ሥራና የአፈር የመሸከም ጣሪያ ነው።

ለአንባቢያን መለማመጃ፦ በክፍል 3 የተሰጠውን ምሳሌ የጎማው አማካይ ግፊት 80 ኪሎፓስካል ነው ብላችሁ አስሉ። ለ ለ) ሁኔታ ተቃውሞው የወርድ፣ የግፊትና የስምጠት ብዜት ለ (ን + 1) ሲካፈል የሚገኘው ነው። ጎማው ሊወጣው የሚችለው የዳገት ማዕዘን ምን ያህል ይጨምራል? መሬቱ በርቢ ን = 0.5 የሚገለጽ ሸክላ ቢሆንስ ስምጠት በግፊት ላይ ያለው ጥገኝነት እንዴት ይለወጣል?